ከጄኔራሉ እስከ ጠቅላላ ሐኪሙ፦ አንድ ቅጽል፣ ሁለት ወንበር

ከደሴ ተነስቶ ወደ ሐይቅና ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ቦሩ ሜዳ ይደርሳል። ታሪክ አንባቢ ቦታውን የሚያውቀው በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ባካሄዱት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። የደቡብ ወሎ ገበሬ ግን ቦሩን የሚያነሳው በአብዛኛው ስለ ሆስፒታሉ ነው። የሆስፒታሉ ሙሉ ስም «ቦሩ ሜዳ ጠቅላላ ሆስፒታል» ይባላል። ሕመሙ እዚያ ከሚታከመው በላይ የሆነበት ሰው የሪፈር ወረቀት ይጻፍለትና ወደ ደሴ ይላካል፤ የሚላክበት ደግሞ «ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል» ነው። ከጠቅላላ ወደ አጠቃላይ ማለት ነው። አማርኛ ብቻ ለሚናገር ታማሚ በሁለቱ ስሞች መሀል ያለችው አንዲት «አ» ናት፤ በጤናው ሥርዓት ግን አንድ ሙሉ እርከን አለ።

የግርታው ምንጭ ሁለት የእንግሊዝኛ ቅጽሎች ናቸው፤ «ጄኔራል» እና «ኮምፕሬሄንሲቭ»። ሁለቱም ወደ አማርኛ ሲመጡ ያገኙት መጠለያ አንድ ነው፣ «ጠቀለለ» የሚለው ግስ። ሁለተኛው ቅጽል በሆስፒታል ስም ላይ አዲስ መጤ ስለሆነ ብዙም አያነጋግርም። የመጀመሪያው ግን ከጦር ሜዳ እስከ እድር፣ ከፍርድ ቤት እስከ ሱቅ ማስታወቂያ ያልገባበት የለም፤ በገባበትም ሁሉ ትርጉሙ አንድ አይደለም።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ሥሩ «ጄኑስ» ወገን፣ ዘር፣ ዓይነት ማለት ነው። ስለዚህ «ጄኔራሊስ» ወገኑን በሙሉ የሚመለከት ሲሆን፣ ተቃራኒው «ስፔሻሊስ» ከወገኑ መሀል አንዱን ለይቶ የሚመለከት ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቅጽሉ ሁለት ወንበር ላይ ተቀመጠ። በአንደኛው «ሁሉን የሚመለከት» ሲባል «በሁሉ ላይ የተሾመ» ማለት ሆነ። በሁለተኛው ደግሞ «ሁሉን የሚሠራ፣ በአንዱ ግን ያልተለየ» ማለት ሆነ። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። አማርኛ ግን ገና ከጅምሩ ለይቷቸዋል፤ ይህ መለየቱ ነው እንግዲህ በቅርብ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ትርጉም እየተደባለቀ ያለው።

ከላይኛው ወንበር እንጀምር። የጦር ማዕረጉ «ጄኔራል» ዛሬ ስም ሆኖ ቢቀርም ጥንቱ ቅጽል ነበር። በአውሮፓ ጦር «ካፒቴን ጄኔራል» ሲባል «ሻለቃና ሻምበሉን ሁሉ የሚያዝዝ አለቃ» ማለት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ «ካፒቴን» ወደቀና ቅጽሉ ብቻውን ቀረ። ብዙ ሰው የሚገረምበት እንቆቅልሽም መልሱ እዚሁ ነው። ሻለቃ ከመቶ አለቃ ይበልጣል፣ በእንግሊዝኛውም «ሜጀር» ከ«ሌተናንት» ይበልጣል፤ ታዲያ ሌተና ጄኔራል ከሜጀር ጄኔራል እንዴት በለጠ? «ሜጀር ጄኔራል» በ17ኛው መቶ ዘመን «ሰርጀንት ሜጀር ጄኔራል» ይባል ስለነበር ነው። «ሰርጀንት» የሚለው ሲቆረጥ ሹሙ ከስሙ በላይ የተሾመ መሰለ። የኢትዮጵያ ጦርም ዘመናዊውን ማዕረግ ሲቀበል ይህንኑ ቅደም ተከተል እንዳለ ነው የወሰደው፤ ብርጋዴር ጄኔራል፣ ሜጀር ጄኔራል፣ ሌተና ጄኔራል፣ ከዚያ ጄኔራል። ሰዉ የመጨረሻውን ለመለየት «ሙሉ ጄኔራል» ይለዋል። ሥር ቆፍሮ ለሚመለከት «ሙሉ ጠቅላላ» እንደማለት ነው፤ ነገር ግን ማዕረጉ ከነስሙ ከተለመደ በኋላ ማን ሥሩን ይቆፍራል?

ማዕረጉ ሰው ላይ ብቻም አልቀረም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው በ1933 ዓ.ም. ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ከገባው እንግሊዛዊ መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ነው። ሰፈሩም ታክሲውም «ዊንጌት» ብሎ ቀረ፤ እዚህ የወደቀው ቅጽሉ ነው።

አማርኛ ይህን ላይኛውን ወንበር የሰጠው ለ«ጠቅላይ» ነው። ጠቅላይ ማለት ጠቅልሎ የሚይዝ፣ ሁሉን በእጁ ያደረገ ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የፈረስ ስም «አባ ጠቅል» የነበረው በከንቱ አይደለም፤ ግሱ የሥልጣን ግስ ነው። ከነጻነት በኋላ በወጣው የአስተዳደር ሥርዓት ወሎ «ጠቅላይ ግዛት» ሲባል፣ በእንግሊዝኛ «ገቨርነር ጄኔራል» የሚባለው ሹም በአማርኛ «ጠቅላይ ገዥ» ሆነ። ደርግ መጥቶ ጠቅላይ ግዛቱን ክፍለ ሀገር ሲያደርገው ከስሙ ላይ የተነሳው ይኸው የጠቅላይነት ሽታ ነው። ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም፣ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ፣ ጠቅላይ መምሪያ፣ ሁሉም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 943 የተቋቋመው የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም፣ በ2014 ዓ.ም. እንደገና ፍትሕ ሚኒስቴር እስኪሆን ድረስ፣ ይህንኑ ስም ይዞ ነበር።

ልብ ያለው አንባቢ አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም፤ «ጠቅላይ» የእንግሊዝኛውን «ጄኔራል» ብቻ አይተካም። ጠቅላይ ሚኒስትር በእንግሊዝኛ «ፕራይም» ነው፣ ቀዳሚ ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሱፕሪም» ነው፣ የበላይ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም እንዲሁ «ሱፕሪም» ነው። መንበረ ፓትርያርክ ጠቅላይ ቤተ ክህነት ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። አማርኛ የውጭውን ቃል አንድ በአንድ አልተከተለም፤ «ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚይዝ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ ለእርሱ «ጠቅላይ» የሚለውን ሰጠው። በዚህ ጉዳይ የጥንቶቹ ተርጓሚዎች ከዛሬዎቹ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አልፎ አልፎ «ዋና» ቦታውን ይወስዳል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ፣ የፌዴራል ዋና ኦዲተር፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም የያዙት የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት፤ እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛው «ጄኔራል» የሚል ቅጥያ አላቸው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በ1977 ዓ.ም. የኢሠፓ ዋና ጸሐፊ ሲሆኑ ሥያሜው ከሞስኮ የመጣው «ጄኔራል» ነበር። የውጭው ቃል ባለበት የቀረው በቆንስላ ጄኔራል ነው፤ የኤምባሲ ቋንቋ ድሮም ግትር ነው።

አሁን ወደ ታችኛው ወንበር፣ ወደ ቦሩ ሜዳም እንመለስ።

የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተመሠረተ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። ሕሙማኑ ከየአገሩ ተሰብስበው የሚታከሙበት፣ ብዙዎቹም ወደ መንደራቸው መመለስ አቅቷቸው እዚያው አካባቢ ጎጆ የቀለሱበት ቦታ ነው። ያኔ በቀጥተኛ ትርጉሙ «ልዩ» ሆስፒታል ነበር፤ አንድ በሽታ ለይቶ የሚያክም። ዓመታት አልፈው የሥጋ ደዌ መድኃኒት በየጤና ጣቢያው መሰጠት ሲጀምር ሆስፒታሉ በሩን ለሌላውም ሕመም ከፈተ፣ ስሙም «ጠቅላላ» ሆነ። የቆዳና የዓይን ሕክምናው ግን እስከ ዛሬ ስመ ጥር ነው፤ ቁንጭር ፊቱን የበላው ሰው ከሩቅ ወረዳ ሳይቀር የሚመጣው ወደ ቦሩ ነው። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳም ይታከምበታል፤ በኮሮና ጊዜ የአካባቢው ማገገሚያና ማከሚያ ማዕከልም ነበር።

ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው የአዲስ አበባው አለርት ነው። በዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርትም መነሻው ያው ሥጋ ደዌ ነበር። እርሱም በሩን ለሁሉ ከፈተ። ዛሬ የአንዱ ስም «ጠቅላላ»፣ የሌላው «ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ» ነው። ተመሳሳይ ጅምር የነበራቸው ሁለት ሆስፒታሎች በሁለት እርከን ላይ ቆሙ፤ የሚለያያቸውም የሕዝብና የሐኪም ቁጥር እንጂ ቅጽሉ በራሱ የያዘው ምስጢር የለም።

በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ «ጠቅላላ» የመሀለኛው ፎቅ ስም ነው። በሌላው ዓለም ግን እንዲህ አይደለም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣችው የሆስፒታል ዕቅድ «የወረዳ ጠቅላላ ሆስፒታል» ያለችው ከ100,000 እስከ 150,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነበር። በቦስተን ያለው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1811 የተቋቋመ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት፣ በዓለም ከሚጠቀሱት ግንባር ቀደም የሆነ ሆስፒታል ነው፤ ያ ሁሉ ዝና እያለው ስሙ ላይ «ስፔሻላይዝድ» የሚል ጨምሮ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1846 በኤተር አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና በአደባባይ ያሳየው ይኸው ሆስፒታል ነው። ይህ ዓይነቱ ማደንዘዣ በእንግሊዝኛ «ጄኔራል» ይባላል። አማርኛ እዚህ ላይ ሌላ ቃል አወጣ፤ «ሙሉ ማደንዘዣ»። የምጥ ቀዶ ጥገና የሚጠብቃት ሴት «ሙሉ ነው ወይስ ከወገብ በታች?» ብላ ስትጠይቅ ከመዝገበ ቃላቱ የተሻለ ተርጉማዋለች።

ሐኪሙስ? በኢትዮጵያ «ጠቅላላ ሐኪም»፣ በሆስፒታል አፍ «ጂፒ»፣ የሕክምና ትምህርቱንና የኢንተርን ዓመቱን ጨርሶ ገና ስፔሻሊቲ ያልገባ ሐኪም ነው። ወላጅ «ልጄ ጠቅላላ ሐኪም ሆነ» ሲል ይኮራል፤ ልጁ ግን «ገና ጂፒ ነኝ» ይላል። በብሪታንያ ግን ጂፒ ለመሆን ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት የመሠረት ሥልጠና፣ ከዚያ ላይ ሦስት ዓመት የራሱ የሙያ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ጠቅላላ ሐኪምነት ራሱ ሙያ ነው። ይባስ ብሎ «ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም» በኢትዮጵያም ስፔሻሊስት ነው። ስፔሻሊስቱ ጠቅላላ፣ ጠቅላላውም ስፔሻሊስት ሆኑ ማለት ነው። ለታማሚው የሚጠቅመው ቅጽሉን ትቶ «እርስዎ የምን ሐኪም ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

የአገር ቤቱ ሊቅነት ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ነው የያዘው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንዱን የትርጓሜ ክፍል የዘለቀ «የሐዲስ መምህር» ወይም «የብሉይ መምህር» ይባላል። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን አራቱንም የዘለቀው ግን «አራት ዓይና» ነው። ሁሉን ማወቅ መነሻ ሳይሆን መድረሻ ነው። ቦሩ ሜዳም በመምህር አካለ ወልድ ስም የሚታወቅ የትርጓሜ ጉባኤ የነበረበት ነው፤ ደሴ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ ትምህርት ቤት አለ። የወሎ ደረሳም (የእስልምና ትምህርት ተማሪው) እንዲሁ ነሕውን (የዓረብኛ ሰዋስውን) ከአንዱ ሸኽ፣ ፊቅህን (የእስልምና ሕጉን) ከሌላው እየቀራ መንደር ለመንደር ሲዞር የኖረው ዕውቀቱን ለመጠቅለል ነው። ስለዚህ «ጠቅላላ» የሚለው ቃል በወሎ ጆሮ ሲገባ ትንሽ ነገር አይመስልም፤ ገበሬው ቦሩን ከደሴው የሚበልጥ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ «አጠቃላይ» ይረከበዋል። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ 9ኛና 10ኛ ክፍል «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ» ነበር፤ ይህ የ«ጄኔራል» ትርጉም ነው። ከዚያ በፊት ግን በንጉሡ ዘመን ከቀለሙ ጎን ንግድ፣ የቤት አያያዝና የእጅ ሥራ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች «አጠቃላይ» ተብለው ነበር፤ ያ ደግሞ የ«ኮምፕሬሄንሲቭ» ትርጉም ነው። የደሴው ወይዘሮ ስኂን፣ በንጉሥ ሚካኤል ልጅና በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው፣ በዚህ ሁለተኛ ትርጉም ነው «አጠቃላይ» የተባለው። የሆስፒታሉ ግርታ ታዲያ አዲስ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ቀድሞታል። ኢኮኖሚስቶቹም «ግሮስ» የሚለውን «አጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት» ብለው እዚያው ጎራ ጨምረውታል።

ከቢሮና ከትምህርት ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ቅጽሉን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበዋል። ኮምቦልቻ ከፋብሪካዎቿና ከኢንዱስትሪ ፓርኳ ጋር ለዚህ ምቹ ናት። «ጠቅላላ የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ» ማለት በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ሲፈልጉም የጋሪ ጥገና ነው። «ጀነራል ትሬዲንግ» ማለት ባለቤቱ ዘንድሮ ሲሚንቶ፣ ለከርሞ ሰሊጥ መነገድ የሚችልበትን በር ክፍት አድርጓል ማለት ነው። በግንባታ ቦታ ሰሌዳ ላይ ግን ቃሉ ሕጋዊ ክብደት አለው፤ ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ፣ በሙያው አፍ «ጂሲ»፣ ሕንፃውንም መንገዱንም መሥራት ሲችል፣ «ቢሲ» ሕንፃ ብቻ፣ «አርሲ» መንገድ ብቻ ነው። በመሥሪያ ቤት ደግሞ «ጠቅላላ አገልግሎት» የሚባል ክፍል አለ። ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ መኪናው፣ ነዳጁ፣ ወረቀቱ፣ የተሰበረው ወንበር ሁሉ የእርሱ ነው። በመዋቅር ሠንጠረዡ ላይ ከታች ተጽፎ ይገኛል። የመስክ ሥራ ያለበት ባለሙያ ግን መኪና ለማግኘት ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊውን ሰላምታ እንደሚያበዛ ሁሉም ያውቃል። ምናልባት ሁለቱ ወንበሮች የተገናኙት እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስብሰባና ምርጫ ላይ «ጠቅላላ» ማለት ሁሉም አባል የሚጠራበት ነው። የእድር ጠቅላላ ጉባኤ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ፣ የአክሲዮን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ የየቤቱ የመጨረሻ ወሳኝ ናቸው፤ ኮረም ከሞላ። በተባበሩት መንግሥታት ግን ነገሩ ይገለበጣል። 193 አገሮች የሚቀመጡበት ጠቅላላ ጉባኤ የሚያሳልፈው ውሳኔ በአብዛኛው የማስገደድ ኃይል የለውም፤ ያ ኃይል ያለው 15 አባላት ባሉት የጸጥታው ምክር ቤት ነው። 6ኛው ጠቅላላ ምርጫም ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲካሄድ ትግራይ አልመረጠችም፤ ሶማሌና ሐረሪ ድምፅ የሰጡት መስከረም ላይ ነው። እዚህ ላይ «ጠቅላላ» ማለት ከማሟያና ከአካባቢ ምርጫ የሚለይ ማለት እንጂ አንድም ሳይቀር ማለት አይደለም።

ቅጽሉ ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስከፍለው ግን በሕግ ነው። ከጅዳ፣ ከቤሩት ወይም ከዱባይ ለወንድሟ ውክልና የላከች የወሎ ልጅ «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼዋለሁ» ስትል ሁሉን ነገር የሰጠች ይመስላታል። ወንድሟም እንደዚያው ይመስለዋል፤ ገዢውም እንዲሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሌላ ነው የሚለው። በቁጥር 2203 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለወኪሉ የአስተዳደር ሥራ የመሥራት ሥልጣን ብቻ ነው የሚሰጠው። ቀጣዩ ቁጥር የአስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ንብረቱን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ የደረሰ ሰብልና የሚበላሽ ዕቃ መሸጥ። ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ ፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር ግን በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ጠቅላላው ከልዩው ያነሰ ሆነ ማለት ነው።

ለዚህ ነው ልምድ ያለው ራፖር ጸሐፊ የውክልናውን ወረቀት «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ ስም እንዲያዛውር፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ» እያለ በግስ የሚሞላው። አንባቢን ያሰለቻል፤ ነገር ግን ሥልጣኑን የሚሰጡት እነዚያ ግሶች እንጂ ከላይ በትልቁ የተጻፈው «ጠቅላላ» አይደለም።

የሆስፒታሉን ስም በተመለከተ የጤና ቢሮዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ከባድ አይደለም፤ ሁለቱን ቅጽሎች በአንድ ግስ መተርጎሙን ትተው እርከኑን በቁጥር ወይም በግልጽ ስም ማስቀመጥ ይበቃል። «የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል» ሲባል ማንም አልተደናገረም። ውክልናውን በተመለከተ ግን ጥንቃቄው የእያንዳንዱ ነው። በጠቅላላ ውክልና ቤት ሊሸጥልዎ የመጣ ሰው ካለ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሰነዱን እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ «እንዲሸጥ» የሚለው ቃል ከሌለበት ገንዘብዎን ኪስዎ ያድርጉና ልዩ ውክልና እስኪመጣ ይጠብቁ።